የሕዝብ ማኅበርና የወራሽ ጥያቄ

ሕዝብን አስተባብሮ ነጻነትን ለማምጣት የሚነሣ ማኅበር ሁሉ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ሥልጣንን መያዝ ነው፤ ሁለተኛው የያዘውን ሥልጣን በሰላም ለሌላ ማስረከብ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ያለፉ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ያለፉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለዚህ ነገር ምስክር ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በደጃፏ የሚያልፍባት የጅቡቲ ታሪክ በቂ ትምህርት ይሰጣል።

በጅቡቲ ከተማ በስተ ሰሜን በኩል ባሕሩን ተጠግቶ ሄሮን የሚባል ሰፈር ይገኛል። የፈረንሳይ የባሕር ኃይል ጣቢያ ያለው በዚያ ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጓሜውም በውኃ ዳር በቀጫጭን እግሮቹ ቆሞ፥ ዓሣ እስኪቀርብለት ድረስ ድምፁን አጥፍቶ የሚጠብቅ ወፍ ማለት ነው። ለጉዳዩ ወደዚያ ሰፈር የሚመላለስ ነጋዴ ስለ መርከብ ወረፋ፥ ስለ ቀረጥና ስለ ማጓጓዣ ዋጋ በግልጥ ይነጋገራል። «ከእርሳቸው በኋላ ማን ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል። ጥያቄው ድምፅን ዝቅ የሚያሰኝ መሆኑ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው።

የነገሩን ሥር ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በሴፕቴምበር 1958 ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ሕዝበ ውሳኔ ባደረገች ጊዜ፥ በዚያን ዘመን የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ማሕሙድ ሐርቢ ከፈረንሳይ መለየትን ደገፉ፤ ሐሰን ጉሌድ አብቲዶን ግን ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጡ። ማሕሙድ ሐርቢ ተሸንፈው ከአገር ወጡ፤ በ1960ም በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ሐሰን ጉሌድ ደግሞ ከጊዜ በኋላ አሳባቸውን ለውጠው፥ በ1970ዎቹ ዓመታት የአፍሪካ ሕዝባዊ ማኅበር ለነጻነት የተባለውን ድርጅት መሩ። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ አሕመድ ዲኒ ነበሩ። አንደኛው ከኢሳ፥ ሁለተኛው ከአፋር ወገን መሆናቸው ለማኅበሩ ትልቅ ጉልበት ነበረ፤ ቅኝ ገዢው ሁለቱን ወገኖች እያመዛዘነ ሲገዛ የኖረባት አገር በአንድ ቃል ነጻነትን ልትጠይቅ የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ጁን 27 ቀን 1977 ነጻነት ታወጀ። ሐሰን ጉሌድ ፕሬዚዳንት፥ አሕመድ ዲኒም የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ነገር ግን ይህ ጥምረት አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በዲሴምበር 1977 አሕመድ ዲኒ ከሌሎች የአፋር ሚኒስትሮች ጋር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ማኅበሩ የጋራ ጠላት በነበረው ጊዜ ልዩነቱን ችሎ ኖሮ ነበር፤ ጠላቱ ከሄደ በኋላ ግን ልዩነትን የሚዳኝ ደንብ እንደሌለው ታወቀ።

ማርች 4 ቀን 1979 በዲኪል ከተማ «ራሳምብልማን ፖፑሌር ፑር ለ ፕሮግሬ» የተባለው ፓርቲ ተቋቋመ። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሕዝብ ስብስብ ለእድገት» ማለት ነው። ስብስብ የሚለው ቃል ሊመረመር የሚገባው ነው። ማኅበር አባል፥ ደንብና ተራ አለው፤ ዛሬ ሙሴ የነበረ ነገ ተራ አባል ሆኖ ይቀመጣል። ስብስብ ግን በአንድ ነገር ወይም በአንድ ሰው ዙሪያ የሚቆም ነው፤ መካከሉ ላይ የቆመው ሰው ሲነሣ ዙሪያውን የቆሙት ወዴት እንደሚዞሩ አያውቁም። በ1981 አሕመድ ዲኒና ጓደኞቻቸው ሌላ ፓርቲ ለማቋቋም ቢሞክሩ ተከለከሉ፤ በዚያው ዓመት አገሪቱ የአንድ ፓርቲ አገር መሆኗ በሕግ ተደነገገ። ከዚያ ወዲያ ክርክር ሁሉ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ።

ጓዳ የገባ ክርክር ግን አይሞትም። በ1991 መጨረሻ በሰሜን በኩል ጦርነት ተነሣ፤ የጦርነቱም መሪ ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ዳግም መቋቋም የተነሣው፥ በአጭሩ ፍሩድ የተባለው ግንባር ነበረ። መንግሥትም በሴፕቴምበር 1992 አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ አቅርቦ አስጸደቀ። ይህ ሕገ መንግሥት እስከ አራት የሚደርሱ ፓርቲዎችን ፈቀደ፤ የፕሬዚዳንቱም ዘመን ስድስት ስድስት ዓመት ሆኖ ከሁለት ጊዜ እንዳይበልጥ ወሰነ። ደንብ የሌለው ቤት ደንብ አገኘ የተባለው ያን ጊዜ ነው።

ደንቡ የተፈተነው ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። በ1995 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ ታመው ወደ ፓሪስ ሆስፒታል ሄዱ። ዕድሜያቸው 80 ዓመት ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ኢስማኤል የተባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኢስማኤል ዑመር ጌሌ በፈረንሳይኛ «ሼፍ ደ ካቢኔ»፥ ኢስማኤል ጌዲ ሐሬድ ደግሞ «ዲሬክተር ደ ካቢኔ» ይባሉ ነበር። ሁለቱም ማዕርጎች ወደ አማርኛ ቢመለሱ ያው የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ማለት ይሆናል። አንደኛው የጸጥታውን ሥራ ጨብጦ የኖረና የፕሬዚዳንቱ የቅርብ ዘመድ ነበረ፤ ሁለተኛው የአስተዳደሩን ወረቀት የሚያውቅ ነበረ። ከሁለተኛው ጋር የፓርቲው ዋና ጸሐፊና የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ሙሚን ባህዶን ፋራህ ቆሙ።

ይህ ልዩነት በፓርቲው ጉባኤ ፊት ቀርቦ፥ ሁለቱም ወገኖች አሳባቸውን አስረድተው፥ አባሎች ድምፅ ሰጥተውበት ቢሆን ኖሮ የፓርቲው ክብር በሆነ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1996 መጀመሪያ ሙሚን ባህዶን ከሚኒስትርነታቸው ተነሡ። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ፕሬዚዳንቱ በኃይል ይገዛሉ ብለው መግለጫ አወጡ። በዚያው ዓመት በኦገስት ሙሚን ባህዶንና ኢስማኤል ጌዲ ሐሬድ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር የአገርን መሪ ተሳድበዋል ተብለው ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ ለአምስት ዓመትም የመምረጥና የመመረጥ መብታቸው ተያዘ። አስተዋይ ሰው ቁጥሩን ልብ ይለዋል። ስድስት ወር ያልፋል፤ አምስት ዓመት ግን የሚቀጥለውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ጠቅልሎ የሚያልፍ ነበረ።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይኛ ይነገር የነበረ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ዶፊን» የሚለው ነው። ቃሉ በጥንት ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ የበኩር ልጅ ማዕርግ ነበረ። ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ካወረዱ በኋላ ቃሉን በሪፑብሊክ መሪ ለሚታጭ ወራሽ እንዲያገለግል አደረጉት። በንጉሥ አገር ወራሽ መታጨቱ የሥርዓቱ ጠባይ ነው፤ የሕዝብ ስም በያዘ ፓርቲ ዘንድ ግን ዶፊን ሲባል ማንም ሳይደነግጥ መቅረቱ የሚያስገርም ነው። ቃሉ እንዲህ በቀላሉ መለመዱ ፓርቲው ስሙን ይዞ ምግባሩን እንደ ለቀቀ ያሳያል።

በፌብሩዋሪ 1999 ሐሰን ጉሌድ ለሌላ ዘመን እንደማይወዳደሩ አስታወቁ፤ ፓርቲውም ኢስማኤል ዑመር ጌሌን እጩ አድርጎ አቀረበ። ኤፕሪል 9 ቀን በተደረገው ምርጫ ከመቶ 74 ያህል ድምፅ አግኝተው ሙሳ አሕመድ ኢድሪስን አሸነፉ። እዚህ ላይ ለሐሰን ጉሌድ የሚገባቸውን ምስጋና መንፈግ ፍርደ ገምድልነት ነው። በሕይወት ሳሉ፥ በገዛ እጃቸው፥ ሕገ መንግሥቱ ባዘዘው ጊዜ ወንበሩን ለቀቁ፤ በ2006 እስኪሞቱም ድረስ በአገራቸው በክብር ኖሩ። በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለ አወራረድ የገጠማቸው መሪዎች ጥቂቶች ናቸው።

ነገር ግን መውረድ አንድ ነገር ነው፤ ተተኪን የሚመርጥ ሥርዓት መተው ሌላ ነገር ነው። አሕመድ ዲኒ የነጻነት ማኅበሩ ዋና ጸሐፊ የነበሩ ናቸው። ሙሚን ባህዶን የገዢው ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ኢስማኤል ጌዲ ሐሬድ የቤተ መንግሥቱን ጽሕፈት ቤት የመሩ ናቸው። ሙሳ አሕመድ ኢድሪስ ከነጻነት በፊት በፈረንሳይ ምክር ቤት አገራቸውን ወክለው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። እንግዲህ የተቃዋሚው ጎራ የሞላው ከውጭ በመጣ ጠላት ሳይሆን ከቤቱ በወጡ ልጆች ነው። ልዩነትን በደንብ መዳኘት የማይችል ቤት የገዛ ወንድሞቹን እያስወጣ ባላጋራ ሲያደራጅ ይኖራል።

ይህ ጉድለት የገዢው ፓርቲ ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። መንግሥትን በመሣሪያ የተቃወመው ፍሩድ ራሱ በ1994 ለሁለት ተከፈለ። ዑጉሬ ኪፍሌ አሕመድና አሊ መሐመድ ዳውድ የመሩት ወገን ዲሴምበር 26 ቀን ከመንግሥት ጋር ውል ፈረመ፤ በተከታዩም ዓመት ሁለቱ ሰዎች ሚኒስትሮች ሆኑ። አሕመድ ዲኒ ግን ውሉን ሳይቀበሉ ትግሉን ቀጠሉ፤ የመጨረሻው ሰላም የተፈረመው ሜይ 12 ቀን 2001 ነው። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ዳኛ የሚሆን ደንብ ግን በመካከላቸው ስላልነበረ አንደኛው ሌላውን ከዳተኛ ከማለት በቀር መንገድ አላገኘም።

ከ1999 በኋላ የሆነው ነገር ይህንኑ ያጸናል። በዲሴምበር 2000 የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ያሲን ያቤህ ጋላብ ከሥራቸው በተነሡ ጊዜ መንግሥት ለመገልበጥ ሙከራ ተደረገ፤ ሙከራው በጥቂት ሰዓት ከሸፈ። በ2003 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ ተቃዋሚዎች ከመቶ 37 ያህል ድምፅ አግኝተው ሳለ ከ65 ወንበር አንድ እንኳ አልደረሳቸውም፤ የምርጫው ሕግ በየአውራጃው አብላጫ ላገኘ ሁሉንም የሚሰጥ ነበረና። በ2005 ፕሬዚዳንቱ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጡ። በ2010 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የሁለት ጊዜ ገደብ ተነሣ፤ በምትኩ አንዱ ዘመን ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አለ፥ እጩም ከ75 ዓመት ዕድሜ እንዳያልፍ ተደነገገ። ይህ የዕድሜ ገደብ ቢያንስ አንድ የታወቀ ቀን ለአገሪቱ ትቶላት ነበር። በኖቬምበር 2025 ግን ምክር ቤቱ እርሱንም አነሣ። ፕሬዚዳንቱ በዚያ ወር 78 ዓመት ሞላቸው።

በዚህ ጉዳይ የሚቀርብ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ ሳይሰሙት ማለፍ አይገባም። ከ1977 እስከ 2025 ባሉት 48 ዓመታት ጅቡቲ ያየችው ሁለት ፕሬዚዳንቶችን ብቻ ነው። በእነዚሁ ዓመታት የሶማሊያ መንግሥት ፈረሰ፤ በኢትዮጵያ ሥርዓት ተለወጠ፥ ከኤርትራም ጋር ጦርነት ተደረገ፤ በቀይ ባሕር ማዶ የመን በጦርነት ተቃጠለች። ጅቡቲ ግን ወደቧን አስፍታ፥ የባቡር ሐዲዷን አድሳ፥ ከፈረንሳይ፥ ከአሜሪካ፥ ከጃፓንና ከቻይና ጋር እየተዋዋለች ቆየች። «ይህን ዕረፍት ስለ ደንብ ብላችሁ ለምን ታናውጡታላችሁ?» የሚል ሰው ተራ አድር ባይ ተብሎ ሊሰደብ አይገባውም፤ የጎረቤትን ቤት ሲነድ አይቶ የሚናገር ነውና።

መልሱ ግን ይህ ነው፤ ዝምታና ዕረፍት አንድ አይደሉም። በ1995 ፕሬዚዳንቱ ፓሪስ ተኝተው ሳሉ ከተማዪቱ ዝም ብላ ነበር፤ በሥሯ ግን ሁለት ወገኖች ተፋጥጠው ነበር። ለዚያ ጊዜ አደጋው የቀለለው ሽማግሌው ተሽሏቸው ስለ ተመለሱ ነው። የአንድ አገር ሰላም በአንድ ሐኪም እጅ ላይ ሲንጠለጠል ሰላም ነው ብሎ መተኛት አይቻልም። የጎረቤት አገሮችም ታሪክ በደንብ ሲታይ ለመከራከሪያው አይመሰክርም። ዚያድ ባሬ ከ1969 እስከ 1991 ወንበሩን ሳይለቁ ቆዩ፤ ሶማሊያን ያፈረሳት የመሪ መለዋወጥ ሳይሆን የመሪ አለመለዋወጥ ነበረ።

ነጋዴ ይህ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ይሆናል። ነገር ግን የወራሽ ጠብ ወደብ ድረስ ይወርዳል። አብዱራሕማን ቦሬህ የወደቦችና የነጻ ቀጣና ባለ ሥልጣን ሊቀ መንበርና የፕሬዚዳንቱ ወዳጅ ነበሩ፤ ከዱባዩ ዲፒ ወርልድ ጋር ስለ ዶራሌ የኮንቴነር ማራገፊያ በተደረገው ውል ከፍ ያለ እጅ ነበራቸው። በ2008 ገደማ ከመንግሥቱ ጋር ተለያዩ፤ እርሳቸው እንደሚሉት የጠቡ ምክንያት የሦስተኛውን ዘመን አሳብ መቃወማቸው ነው። መንግሥት በበኩሉ ጉቦ ተቀብለዋል ሲል በሎንዶን ፍርድ ቤት ከሰሳቸው፤ በ2016 ክሱ ውድቅ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2018 ደግሞ መንግሥት ማራገፊያውን ከዲፒ ወርልድ እጅ ወስዶ በራሱ ሥር አደረገ፤ ሙግቱም በየአገሩ ዳኞች ፊት ዓመታት ፈጀ። ነገሩ የማን ጥፋት ነው የሚለውን ዳኞች ይመርምሩት። ለነጋዴ የሚበቃው ትምህርት ግን ግልጥ ነው፤ ውል የተፈረመው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ሳይሆን ከወዳጅነት ጋር ከሆነ፥ ወዳጅነቱ የፈረሰ ቀን ውሉም ይናጋል። ኢትዮጵያ በ1998 የኤርትራ ጦርነት ምክንያት አሰብን ካጣች ወዲህ ጭነቷ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ በር የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ የጅቡቲ ወራሽ ጥያቄ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ነጋዴም ጥያቄ ነው።

የኢትዮጵያም ታሪክ ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው በ1909 በአዋጅ አስታወቁ፤ ከዚያ በኋላ በሽታው ጸናባቸውና እስከ 1913 ድረስ አገሪቱ በታመመ ንጉሥና ባልተጫነ ዘውድ መካከል ቆየች። በ1916 ልጅ ኢያሱ ተሻሩ፤ ነገሩም በሰገሌ ሜዳ በብዙ ሺህ ሰው ደም ተቆረጠ። በአዋጅ የተነገረ ወራሽ እንኳ መኳንንቱ ሁሉ የተቀበሉት ሥርዓት ከሌለ የማይጸና ከሆነ፥ በጓዳ የታጨ ወራሽ እንዴት ሊጸና ይችላል?

ሌላ መንገድ መኖሩንም ማየት ያሻል። ጁሊየስ ኔሬሬ ሕዝባዊ የሚባል ፓርቲ መሥርተው ታንዛኒያን ከነጻነት ጀምሮ መሩ፤ በ1985 ግን ለአሊ ሐሰን ምዊኒ አስረከቡ። ከዚያ በኋላ በ1995፥ በ2005ና በ2015 ያው ፓርቲ ሰውን በሰው ተካ፤ እያንዳንዱም ወራጅ ሁለት ዘመኑን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ታንዛኒያ ከጉድለት የጸዳች አይደለችም፤ ፓርቲውም ሥልጣንን ለተቃዋሚ አሳልፎ አላየም። ቢሆንም በፓርቲው ውስጥ ተስፋ ያለው ሰው «ዛሬ ባላገኝ ከአሥር ዓመት በኋላ ተራ ይደርሰኛል» ብሎ እንዲታገሥ አድርጎታል። የጠብ መድኃኒቱ ይህ ተስፋ ነው። ተራ የማይደርሰው መሆኑን ያወቀ ሰው ወይ ይሸፍታል፥ ወይ ይሰደዳል፥ ወይም እንደ ሄሮን ወፍ ዝም ብሎ ቆሞ የሽማግሌውን ትንፋሽ ይቆጥራል።

ስለዚህ በሕዝብ ስም የቆመ ፓርቲ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፥ የመሪው ዘመን መጨረሻ የታወቀ ይሁን፤ የተወሰነውም ገደብ ወንበር ላይ ላለው ሰው ሲባል አይነሣ። ገደብ ማሻሻል ግድ ቢሆን እንኳ ማሻሻያው ለሚቀጥለው ሰው እንጂ ላለው ሰው አይሥራ። ሁለተኛ፥ ተተኪ የሚመረጠው ከአንድ በላይ እጩ በሚቀርብበት የፓርቲ ጉባኤ፥ በስውር ድምፅ ይሁን። ሦስተኛ፥ የተሸነፈው ወገን መብቱ፥ ሥራውና ንብረቱ ይጠበቅለት። ከሦስቱ ዋነኛው ይህ ሦስተኛው ነው። በ1996 የተሸነፉት ሰዎች ወደ ወህኒ ባይሄዱና መብታቸው ባይያዝ፥ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ሽንፈትን እንደ ሞት ባልፈራ ነበር። ሽንፈት ሞት በሆነበት ቤት ማንም በፈቃዱ አይሸነፍም፤ ወንበር ላይ ያለውም በፈቃዱ አይወርድም።

አስተዳዳሪዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። የመዝገብ ቤቱ ወረቀት፥ የጉምሩኩ ታሪፍ፥ የዳኛው ፍርድ የሰውን ፊት ሳያይ በሕግ የሚሠራ ከሆነ፥ በላይ ያለው ጠብ ወደ ታች ሳይወርድ ይቆማል። ሹም ሁሉ የአንዱ ወይም የሌላው ወገን ሰው ከሆነ ግን መሪ በተለወጠ ቁጥር መንግሥት እንደ አዲስ ይጀመራል።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። የወራሽ ደንብ የሚጻፈው ሽማግሌው ጤነኛ ሳሉ፥ ባላንጣዎች ገና በአንድ ገበታ ሲቀመጡ፥ የማንም ስም በደንቡ ላይ በማይታይበት ጊዜ ነው። ሕመም ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ የአንድ ሰው ስም ተሸፍኖ ይገኝበታል። ሐሰን ጉሌድ በ1999 ወንበሩን በሰላም መልቀቅ እንደሚቻል ለአገራቸው አሳይተዋል፤ የጎደለው ያንን የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ የሁሉ ግዴታ ማድረግ ነበር። ይህ ሥራ ለተከታዮቻቸው የተረፈ ዕዳ ነው፤ ዕዳም በወቅቱ ካልተከፈለ ወለዱ እየበዛ እንደሚሄድ ከነጋዴ ይልቅ የሚያውቅ የለም።